ከጥቁሩ ቅርፊት በታች

ሬንጅ ሲፈላ ሽታው አገር አይለይም። ባለፈው መጸው፣ የኢየሩሳሌም ዝናብ ሳይጀምር፣ ከሃነቪኢም ጎዳና ታጥፌ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ እሱ ነው። አንድ የድሮ ቤት ጣሪያ ላይ ሦስት ሠራተኞች ሬንጅ በበርሜል እያፈሉ ይደፋሉ፤ ገመድና ባልዲያቸው ጠባቡን መንገድ ዘግቶታል። እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ላይ ለአንድ ግቢ የሠራሁት የብረት በር ማጠፊያው ላልቷል ብለው ስለደወሉልኝ መሣሪያዬን በከረጢት ይዤ መጣሁ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። የራሴን ሥራ ግን ሌላ ሰው እንዲነካው አልወድም። ሰው ያጣመመውን ራሱ ያቃናው እያልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ይህን ቃል ከመጀመሪያው የጻፍኩት አውቄ ነው፤ ቆይቶ እኔኑ ይጠይቀኛልና።

መንገዱ በሩን በሠራሁ ጊዜም ጠባብ ነበር። ሁለት መኪና ፊት ለፊት ሲገናኝ አንዱ ወደ ኋላ እስኪያፈገፍግ ድረስ ሾፌሮቹ ይሰዳደባሉ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ በላይ የኢትዮጵያውያን ክብ ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ጉልላት። እኔ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለሁም፤ ከጎንደር ገጠር የመጣሁ አይሁዳዊ ነኝ። ዘበኛው ግን የወረዳችን ሰው ስለነበር፣ አማርኛ ሲናፍቀኝ በሩ ላይ ቆመን ስለ ከብትና ስለ ዝናብ እናወራ ነበር። እሱ ቀብቶ ያበጠራት ጸጉሩ ከርቀት ታበራለች፤ እኔ በሰማያዊ የሥራ ቱታ፣ ጉልበቱ ላይ በብየዳ ብልጭታ የተበሳሳ። ምሳዬ፣ በግማሽ ፒታ ዳቦ የተጠቀለለ ፈላፍል፣ በኪስ በሚንኳኳ ሳንቲም ይገዛ ነበር፤ ዛሬ የወረቀት ገንዘብ ያስመዝዛል። የአውቶቡስ ቲኬት ወፍራም ካርቶን ነበረች፤ ሾፌሩ በመብሻ ይበሳታል። ቸር ሾፌር የድካም ፊት ሲያይ ሳይበሳ ያሳልፍ ነበር። እኔ ግን እቆምና «ብሳው» እለው ነበር። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። ልጄ ትርንጎ አብራኝ ከሆነች ፊቷን ወደ መስኮት ታዞራለች።

የምሠራው ታልፒዮት ሰፈር፣ ከጋራዦቹ መሃል ባለ አንድ የብረት ሥራ ቤት ነበር፤ የመስኮት ፍርግርግ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የግቢ በር። አለቃችን ሞሮኮ የተወለደ ሰው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ዑድ የሚሉት የዐረብ ክራር ያለበት ካሴት ያጫውታል። ከምሳ በኋላ ተራው የእኔ ነበር። የኔይቱ ካሴት ከመደጋገም የተነሳ ክሯ ተስቦ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚድነው?» ይለኝ ነበር አለቃዬ። ዕብራይስጥ ማንበብ የተማርኩት ከቀለም ጣሳና ከልጆቼ ደብተር ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። ያልተማረ ሰው በዓይኑ ያየውን ከመጻሕፍት ሁሉ አብልጦ ያምናል፤ የእኔም ጥፋት የተነሳው ከዚያ ነው።

እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። በአገራችን ሰዉ ማረሻችንን ይፈልገዋል፣ ዓይናችንን ግን ይፈራዋል። አባቴ ወናፍ ስይዝለት መጀመሪያ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ «የቀላውን ብረት እብድም ይሸሸዋል። አንተ የጠቆረውን ፍራ።» ከእሳት የወጣ ብረት መቅላቱ ጠፍቶ ሲጠቁር የሞተ ይመስላል፤ ግን እጅ ይልጣል። ቀጥቃጭ ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን አንድ ጊዜ በመዳፉ፣ ከዚያ በኋላ በልቡ ያውቀዋል። እኔ በመዳፌ አውቄዋለሁ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። በልቤ አለማወቄን ያወቅሁት ግን ከርሞ ነው።

ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖኝ፣ መንግሥት ይለወጥ አይለወጥ በሚባልበት ጊዜ፣ ወደ ቆላው ወርጄ በመንገድ ሥራ ካምፕ የብረት ክፍል ተቀጠርኩ። አንድ ቀን እሳተ ገሞራ የሚያጠኑ የውጭ አገር ሰዎች በሁለት ጂፕ መጡ። የመኪናቸው ባሌስትራ ስለተሰበረ እኔ ጠገንኩላቸው፤ ደግሞ ይሰበራል ብለው ከእነመዶሻዬ ይዘውኝ ሄዱ። አስተርጓሚያቸው ሙላቱ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ጸጉሩን ያጎፈረ፣ ሱሪው ከታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ። እኔ በካኪ ቁምጣና ከመኪና ጎማ በተሠራ በረባሶ ነበርኩ። ሙላቱ በበረባሶዬ ይስቅ ነበር። «አንተ ቀጥቃጭ፣ ይህ ጫማ ስንት ኪሎ ሜትር ነድቷል?» ይለኛል። እኔም በሱሪው እስቅ ነበር፤ አቧራውን ጠርጎ የሚሄደው እሱ ነበር።

ተራራው ከፍ ያለ አልነበረም። ጎሕ ሲቀድ ከጫፉ አጠገብ ደረስን። ከአንድ ስንጥቅ የቀለጠ ድንጋይ ይወጣል፤ ፈረንጆቹ ላቫ ይሉታል፤ ሙላቱም ላቫ አለው። በአንድ በኩል እንደ መንገድ የሰፋ ቦይ ቆፍሮ፣ ቀልቶ፣ ከሰው ሩጫ ፈጥኖ ቁልቁል ይወርዳል። በሌላ በኩል እንደ ተጠመዘዘ ገመድ የተሸበሸበ ጥቁር ሜዳ ተዘርግቷል። እኔ ቀዩን ለማየት ጥቁሩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። እንደዚያ ያለ እሳት አይቼ አላውቅም። የአባቴን ምድጃ ሺህ ጊዜ ብታባዛው አይሆንም። ዓይኔን ከቀዩ ላይ ሳልነቅል ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም፤ ጎማ ሲቃጠል ሸተተኝ። ሙላቱ ከወዲያ ሆኖ ይጮሃል፦ «ውረድ አንተ! ከእግርህ በታች እየሄደ ነው!» የበረባሶዬ ሶል ቀልጦ ከድንጋዩ ጋር እንደ ማስቲካ ይሳባል። አንዱን ጫማ ጥዬ በሌላው እየዘለልኩ ወረድኩ። ሙላቱ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ፈረንጆቹም ሳቁ። አንደኛው ፎቶ አነሳኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከተራራው ርቆ ሜዳው ላይ የተከልነው ድንኳን አጠገብ ላቫ ደረሰ፤ ድንኳን ነቅለን ሸሸን። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ያ ቀይ ወንዝ ሮጦ ሮጦ ደረሰብን። ሙላቱ ሌላ ነገር ነገረኝ። ቀዩ ወንዝ ከተራራው ወገብ ሳያልፍ ወፍሮ፣ ቋጥኝ ሆኖ ቀርቷል፤ እዚህ የደረሰው ከጥቁሩ ሥር የመጣው ነው አለኝ። እኔ ባለ አንድ ጫማ ነበርኩ። የሳቀብኝ ሰው የሚነግረኝን አልሰማሁም።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ለልጆቼ ብዙ ጊዜ አውርቼላቸዋለሁ። አርብ ማታ እራት ላይ፣ ሻማው በርቶ፣ ሁሉም በየቦታው ተቀምጠው። በእኔ አወራር ቀይ ወንዝ አለ፣ ሩጫ አለ፣ የተነቀለ ድንኳን አለ። በረባሶ ግን የለም። መጨረሻውም ሁልጊዜ ምክር ነው፤ «እሳቱ ሩቅ የደረሰው ስላልቆመ ነው። ያልቆመ ይደርሳል። እናንተም አትቁሙ።» ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ በአፋቸው ከእኔ ጋር ይሉት ነበር፤ «ያልቆመ ይደርሳል!» እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አዲሲቱ አገራቸው ከፊታቸው የምትሮጥ መስላ ትታየኝ ስለነበር፣ ይሩጡ እል ነበር።

ትርንጎ አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ ስለ እሳተ ገሞራ ጻፉ ተባሉ። የክፍሉ ጥዩል፣ ማለት የትምህርት ቤቱ ጉዞ፣ በሰሜን ወዳለው የጎላን ኮረብታ ነበር፤ በጥንት ዘመን ላቫ የወንዝ ሸለቆ ይዞ እስከ ዮርዳኖስ የወረደበትን ጥቁር ድንጋይ ሊያዩ። ትርንጎ የእኔን ታሪክ በዕብራይስጥ አሳምራ ጻፈች። ወረቀቱ ሲመለስ በቀይ ቀለም ተሰርዞ፣ ዝቅተኛ ማርክ ተሰጥቶት ነበር።

«አስተማሪሽ ምን አለች?» አልኳት።

«ላቫ ሩቅ የሚሄደው ስለሮጠ አይደለም አለች።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ምንም።»

«አባቴ በዓይኑ አይቷል አላልሽም?»

ዝም አለች። ዝምታ በቤቴ ከስድብ የባሰ ጥፋት ነበር። እውነት ይዞ ዝም ያለ ከዋሸ አይሻልም አልኳት። ጥዩሉ ቀርቶብሻል አልኳት። እናቷ ከማድ ቤት «ኧረ ተው አንተ ሰው» አለች፤ አልተውኩም።

በማግስቱ ከሥራ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። የዚያን ጊዜ ዕብራይስጤ ለብረት ዋጋ እንጂ ለክርክር አይበቃም ነበር፤ ስለዚህ እንደ ሁሉም ቤተሰብ አስተርጓሚያችን ልጃችን ነበረች። ኩፓት ሆሊም የሚሉት ክሊኒክ፣ ባንክ፣ የቤቶች ቢሮ፣ ሁሉም ቦታ ትርንጎ ትተረጉማለች። አስተማሪዋ ሪቭቃ ትባል ነበር፤ ቀጭን፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። እኔ ቆሜ ተናገርኩ። «አንቺ በወረቀት አይተሻል፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄን ያረምሻት አንቺ ልትታረሚ ይገባል። ይህን ተርጉሚላት» አልኳት ለትርንጎ፤ «አንድ ቃል እንዳታስቀሪ።»

ትርንጎ በዕብራይስጥ ተናገረች። አስተማሪዋ መነጽሯን አወለቀች፣ ፈገግ አለች፣ ረጅም ነገር ተናገረች። እየተናገረች አንድ መዳፏን በሌላው ላይ ደፍታ የታችኛውን እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ፊት አወጣችው። እኔ ያን ጊዜ አፍራ እጇን የምታሻሽ መሰለኝ።

«ምን አለች?»

«ልክ ነዎት አለች፣ አባ።»

ይህን ያህል ረጅም ንግግር ሁለት ቃል ሆኖ ሲተረጎም የሚጠረጥር አባት ይኖር ይሆናል። እኔ አልጠረጠርኩም፤ የምፈልገውን ሰምቻለሁ። እጇን ጨብጬ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ትርንጎ «ታዲያ ጥዩሉ?» አለችኝ። ቃል ቃል ነው አልኳት። ቅጣቱ ለዝምታሽ ነው፤ አስተማሪዋ መታረሟ ያንቺን ጥፋት አያጠፋም። የክፍል ጓደኞቿ ጎላን ሄደው ሲመለሱ እሷ ቤት ነበረች። አንዲት ጓደኛዋ ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ አምጥታላት ለብዙ ጊዜ መስኮቷ ላይ ነበር።

ኢየሩሳሌም ውስጥ ሰው ያነበበውን መጽሐፍ አይጥልም፤ የአጥር ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል፣ የፈለገ ይወስዳል። ከዚያ ነገር ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ያን የግቢ በር ልገጥም ኢትዮጵያ መንገድ የመጣሁ ዕለት፣ አጥር ላይ ለልጆች የተጻፈ የተፈጥሮ መጽሐፍ አገኘሁ። ገልጬ ባየው ያ ቀይ ወንዝ በሥዕል አለ። ሥራ ቤት ወስጄ፣ በምሳ ሰዓት፣ ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ፣ ሳምንት ሙሉ አነበብኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ላቫ ሩቅ እንዲሄድ መጀመሪያ ቀጭን መሆን አለበት፤ ወፍራሙ እንደ ሊጥ ካለበት ይቆለላል። ሁለተኛ፣ ምንጩ ሳይቋረጥ ለብዙ ጊዜ መመገብ አለበት። ሦስተኛውና ዋናው ግን ክዳን ነው። ተገልጦ የሚሮጠው ሙቀቱን ለነፋስ እየሰጠ ይሄዳል፤ ሙቀቱን ሲጨርስ ይወፍራል፣ ሲወፍር ይቆማል። ቀስ ብሎ የሚሄደው ግን ላዩ ይጠቁርና ቅርፊት ያበጃል፤ ያ ቅርፊት ብርድ ልብስ ይሆነዋል። ከሥሩ ያለው ትኩሳቱን ይዞ ይጓዛል፤ ጫፉ ላይ ይሰነጠቅና ትንሽ ይወጣል፣ እሱም ይጠቁራል፣ እንደገና ከሥሩ ይመጣል። ቅርፊቱን ከታች እየነፋ ያነሳዋል። እንዲህ እያለ የቀናት መንገድ ይሄዳል። ምንጩ ሲደርቅ ውስጡ ፈስሶ ያልቅና ዋሻ ይቀራል። እኔ የተወለድኩበት ደጋ ራሱ በአብዛኛው እንዲህ ተደራርቦ የተነጠፈ ድንጋይ ነው ይላል መጽሐፉ፤ የእናቴ ወፍጮ፣ አባቴ ብረት የሚቀጠቅጥበት መስፍ የተተከለበት ጥቁር ቋጥኝ፣ ሁሉም አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ነበር።

የቀጥቃጭ ልጅ ሆኜ፣ የጠቆረውን ፍራ ተብዬ አድጌ፣ በጥቁሩ ላይ ቆሜ ቀዩን ሳይ የዋልኩ እኔ ነኝ። አባቴ ቢሰማ ወናፉን ይቀማኝ ነበር። መጽሐፉን ከብየዳ ዘንጎቹ ጀርባ ደበቅሁት። ስሕተቴን አወቅሁ፤ ለትርንጎ ግን አልነገርኳትም። አስተማሪዋስ ልክ ነህ ብላ የለ? ታዲያ ማን ያውቃል? ብዬ ዝም አልኩ። እውነት ይዞ ዝም ያለ ከዋሸ አይሻልም ያልኩት ሰው ማለት ነው። አርብ ማታ ታሪኩን ማውራት ግን ተውኩ። ልጆቹም አድገው ነበርና ማንም አልጠየቀም።

ወደ ሬንጁ ልመለስ። ሠራተኞቹ ባልዲውን እስኪያሳልፉ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ ስጠብቅ፣ ከጎኔ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ ቆመው ይጠብቃሉ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ነው። ዞር ብለው አዩኝ። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ የተናገሩትን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«አንተ የቲሪንጎ አባት አይደለህም?»

ስሟን እንዲያ የሚጠሩት አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ ነበር። ስሟን በዕብራይስጥ ስም እንቀይርላት ሲሉ እምቢ ያልኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ምላሳቸው እስከሄደበት ነበር የሚጠሯት። «ነኝ» አልኩ።

«ሪቭቃ ነኝ። አስተማሪዋ። አንተን አልረሳሁህም። ስንት ዓመት ሳስተምር ሥራውን ትቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሊያመሰግነኝ የመጣ አባት አንተ ብቻ ነህ።»

«ላመሰግን?»

«ስላረምሽኝ አመሰግናለሁ፣ ያየሁትን ነገር ምክንያት ዛሬ ገና ተረዳሁ አልክ። ልጅህ ተረጎመችልኝ።»

ከላይ ሠራተኛው «ተጠንቀቁ!» ብሎ ጮኸ፤ የሬንጅ ጠብታ ከፊታችን ድንጋዩ ላይ አረፈች። ወዲያው ላይዋ ጠቆረ። በዚያች ቅጽበት «አዎ» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ሁለተኛ ዝምታ ነው የሚሆነው። «አላመሰገንኩሽም» አልኳቸው። «ልሰድብሽ ነበር የመጣሁት። አንቺ ነሽ የምትታረሚው ነበር ያልኩሽ።»

ሴትዮዋ በምርኩዛቸው ተደግፈው ሳቁ። «አውቃለሁ! አማርኛ ባልሰማ ድምፅ አልሰማም? ፊትህ እንደ ምድጃ ነበር። ልጅቷ ግን በጣም ጥሩ ትተረጉም ነበር።»

«እሷ ልክ ነህ አለች ነበር ያለችኝ። አንቺ ምን ነበር ያልሽው?»

«ኧ፣ ይህን ሁሉ ዓመት?» አሉ ምርኩዛቸውን እያነሱ። መንገዱ ተከፍቶ ነበር። «እኔ ረስቼዋለሁ። እሷ ግን አትረሳም፤ ሄደህ ጠይቃት።»

ማጠፊያውን ሠራሁ። የመጣሁበት ሥራ ነውና ሳልጨርስ አልሄድም። ከዚያ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ሁለት አውቶቡስ አሳለፍኩ፤ ትርንጎ የምትነዳውን ስጠብቅ። ልጄ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ወደ ጊሎ ሰፈር የሚሄደው መስመር የእሷ ነው። በሩ ተከፈተ።

«አባ! በዚህ ሰዓት ምን ያደርጋሉ? ደግሞ ከረጢት ተሸክመው!»

ካርዴን አወጣሁ። «ዳይ፣ ይብቃ፣ አባ፣ በዕድሜዎ ነጻ ነው» አለች። አስነካሁት። ማሽኑ ጮኸ። «ብሳው፣ ብሳው» አለች ራሷን እየነቀነቀች፤ ከኋላ ያለችው ወታደር ልጅ ሳቀች። እኔ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ፤ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ከሚነዳ ሰው ጋር ማውራት ክልክል ነው፤ ከመስታወቱ በላይ ተጽፏል።

ጊሎ፣ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ፣ ሰው ሁሉ ወረደ። ፀሐይዋ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ልትገባ ጥቂት ቀርቷታል። ትርንጎ ሞተሩን አጠፋች፣ የሱፍ ፍሬዋን ከኪሷ አወጣች፤ እኔ ተነስቼ ከአጠገቧ ቆምኩ።

«ሪቭቃን አገኘኋት» አልኳት። «አስተማሪሽን።»

ፍሬው ከጥርሷ መሃል ቀረ። «በሕይወት አለች?»

«አለች። ያን ቀን አመስጋኝ አድርገሽኝ ነበር አለችኝ። ለእኔ ደግሞ እሷን ተሸናፊ አደረግሻት። ልጄ፣ እኔ በዚህ ቤት ውሸት እንዳይኖር…»

«አባ፣ ምክር አይጀምሩ። ስምንት ደቂቃ ነው ያለኝ።»

እሷ መሪውን እያየች ተናገረች። «አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እርስዎ ይጮሃሉ፣ እሷ ፈገግ ትላለች፣ እኔ መሃል ነኝ። ሸሚዝዎን እማዬ ሁለት ጊዜ ተኩሳዋለች፤ የግራው እጅጌ ግን ተቃጥሎ ስለነበር ጠቅልለውታል። እኔ ያን እጅጌ ነበር የማየው። ያሉትን ብተረጉምላት ትስቅብዎታለች፣ ያለችውን ብተረጉም እርስዎ… ያውቁታል። ስለዚህ ለሁለታችሁም የሚሆነውን ተናገርኩ። ስህተት ነበር ካሉ ስህተት ነው። ጥዩሉን ደግሞ አይጨነቁ፤ በጦር ሠራዊት ሳለሁ ጎላን ሦስት ወር ያንን ጥቁር ድንጋይ ፍራሽ አድርጌ ተኝቻለሁ። ጠገብኩት።»

«እኔም ስሕተቴን ካወቅሁ ቆይቻለሁ» አልኳት። «መጽሐፍ አንብቤ። ዝም ብዬ ነው እንጂ።» ይህን ለመናገር የብረት በር ከመሸከም ከበደኝ። «አሁን ተርጉሚልኝ። ያን ቀን ያለችውን። አንድ ቃል እንዳታስቀሪ።»

ዞር ብላ አየችኝ። የሱፍ ፍሬውን ቅርፊት በሶፍት ጠቅልላ አስቀመጠች። ከዚያ አንድ መዳፏን በሌላው ላይ ደፋች፤ እንደዚያች አስተማሪ።

«እንዲህ አለች። ‹ለአባትሽ ንገሪው፤ ቀዩ ወንዝ ያምራል፣ ግን ትኩሳቱን ለነፋስ ይሰጣል፣ ስለዚህ ቅርብ ይቀራል።›» የታችኛውን እጇን ቀስ እያደረገች ወደ ፊት አወጣችው። «‹ሩቅ የሚሄደው ከጥቁሩ ቅርፊት በታች ያለው ነው። አባትሽ አልዋሸም። ያየውን ነው የተናገረው፤ ግን የተሳሳተውን ወንዝ ነው ያየው።› ከዚያ ደግሞ…» እጆቿን አላቀቀች። «ከዚያ፣ ‹እዚያ ጥቁሩ ላይ ቆሞ ከነበረ እግሩን ሳይሞቀው አይቀርም ነበር፤ እስቲ ጠይቂው› አለች።»

«ጠይቂው አለች?»

«አዎ። አልጠየቅሁዎትም።»

ከውጭ ሁለት ሰዎች መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ አንደኛው በሳንቲም መስታወቱን ነካ ነካ አደረገ። ትርንጎ በጣቷ «አንድ ደቂቃ» አለችው፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ሞቆዎት ነበር እንዴ፣ አባ?»

ይህ ጥያቄ ስንት ዓመት ከሥር ሲሄድ ቆይቶ ነው እዚህ የወጣው።

«በረባሶዬ ቀለጠ» አልኳት። «አንዱን እዚያው ጥዬ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ነበር የወረድኩት። ሁሉም ሳቁብኝ። ፎቶም አነሱኝ።»

መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ሳቀች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ጥሩምባው አንድ ጊዜ ጮኾ በር ላይ ያለው ሰውዬ እስኪደነግጥ ድረስ። ቀና ስትል ዓይኗ ርሶ ነበር። በሩን ከፈተች፤ ሰዎቹ እያጉረመረሙ ገቡ። ሞተሩን አስነሳች።

«አባ፣ ልሄድ ነው፤ ቆመው አይሆንም» አለችኝ። «ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ።